በመርፌ የሚወጣ ትንቢት

አክስቴ ጂንካ አጠገብ ያለችው የገዘር ሰው ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። አፏን የፈታችው በአሪኛ ነው። አማርኛን ጂንካ ገበያ ስትሸጥ ስትገዛ ለመደችው፤ ብትሳሳትም ማንንም አታፍርም። የግራ አይኗን ጥላ ሲጋርደው ከጂንካ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎልን አዲስ አበባ ወሰድኳት። እዚያ አይኗ ውስጥ ካንሰር ተገኘ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። አይኑ ሳይወጣ በጨረር እንደሚታከም ነገረችንና፣ «ከጨረሩ በፊት ግን በቀጭን መርፌ ናሙና ብንወስድ ጥሩ ነው። ለትንበያ ነው» አለች።

አክስቴ ቀና አለች። «ትንቢት? ትንቢት በመርፌ ይወጣል እንዴ? እኛ ቸርች ያለ መርፌ ነው የሚመጣው!»

ሳቄ አመለጠኝ። ሐኪሟም ሳቀች፤ ግን አልናቀቻትም። «እማማ፣ ይሄ በሽታ ጠባዩ ይለያያል። አንዳንዱ እዚያው አይን ውስጥ ይቀራል፤ አንዳንዱ ቆይቶ ጉበት ይገባል። ከውጭ ሲያዩት አይለይም። መርፌው አያድንዎትም፤ ጠባዩን ብቻ ነው የሚነግረን።»

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ጎረቤት ሁሉ «ብረት ከነካው ይበተናል» እያለ ነበር የሸኘን። «ብትነኩትና ቢበተንስ?» ብዬ ጮህኩባት።

«ትንሽ ሊደማ ይችላል፤ ደሙ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠራል» አለች ሳትቆጣ። «በመርፌው ቀዳዳ መሰራጨቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ምንም አይፈጠርም ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

«አልዋሽም ያለችው ትውጋኝ» አለች አክስቴ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

የተወሰደውን ናሙና አሳዩኝ ብዬ ለመንኩ። ብልቃጡን ብርሃን ላይ ይዤ ባፈጥም ምንም አልታየኝም። ጉድ እኮ ነው! አይን የማያየውን ነገር ከአይን ውስጥ ቆንጥረው፣ ባሕር አሻግረው ልከው፣ ገና ያልደረሰ ነገር ያነቡበታል። ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። እግዚአብሔር ለሰው እንዲህ ያለ ጥበብ ሰጠ እላለሁ።

ጨረሩ አልቆ ውጤቱ ሲደርስ ሦስታችን አንድ ክፍል ተቀመጥን። መቼም በእኛ ሀገር ክፉ ወሬ መጀመሪያ ለቤተሰብ ነው የሚነገረው። የሐኪሟን ፊት ሳይ ገባኝ፤ እንዳትነግራት በቅንድቤ ጠቀስኳት።

«አየሁሽ!» አለችኝ አክስቴ። «ቀኙ አይኔ ደህና መሆኑን ረሳሽ? የተወጋሁት እኔ ነኝ። ለኔ ይነገረኝ።»

ተነገራት። ጉበት የሚገባው ዓይነት ነው።

«አሁን ጉበቴ ላይ አለ?»

«እስካሁን የለም። በየጊዜው እየመጡ እናየዋለን። ቶሎ ከደረስንበት የምንሞክረው ነገር ይኖራል።»

«ከጂንካ ድረስ እመጣለሁ» አለች። ስለ መንገዱ ጠየቀች፤ ሐኪሟን መረቀቻት፤ ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ወጣች። እኔ እንባዬን እየዋጥኩ ተከተልኳት።

በሩን እንዳለፍን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። በአሪኛ «ፈራሁ» አለችኝ። ይህን ቃል ከሷ አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር።