እመት የሚባል አውሬ

ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ያህል በመሬት መሥሪያ ቤት ካርታ ሲነድፍ ኖረ። የቀን ሥራው ቀጥ ያለ መስመር ነበር። ቤት ሲገባ ግን ጊዜው ያለፈበት የፕላን ወረቀት ይገለብጥና በጀርባው የሌሉ እንስሳት ይስላል። ለእንግዳ አያሳይም፤ ከእኛም አይደብቅም። ቁም ሣጥኑ ላይ እየደረደረ ያስቀምጣቸው ነበር። ሲሞት አውርጄ ወለሉ ላይ ስቆልላቸው ከጉልበቴ በላይ ደረሱ።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ልጃችን ሥዕሎቹን ኢንተርኔት ላይ ባለ የሥዕል ማኅደር ውስጥ እናስገባ አለች። ዓለም ጤና ከተማ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አዳማ ትመጣለች። እሷ ፎቶ ታነሳለች፣ እኔ ወረቀቱን እዘረጋለሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ መስኮቱን ዘግተን ወረቀቶቹ ላይ ዘነዘና እንጭናለን። ይህ አላስቸገረንም። ያስቸገረን ማኅደሩ ለእያንዳንዱ ሥዕል መለያ ቃል መጠየቁ ነው። ልጄ «ታግ» ትለዋለች። ሰው የሚፈልገውን ሥዕል የሚያገኘው በዚያ ቃል ነው። ቃሉ ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጣል፦ ዘንዶ፣ ጭራቅ፣ መንፈስ፣ ባለ ክንፍ፣ ግማሽ ሰው፣ ሌላ። አዲስ ቃል ማስገባት የሚፈልግ ስለ ፍጡሩ ሁለት መስመር ጽፎ ማስረዳት አለበት።

ያስቸገረንን ሁሉ «ሌላ» ብለን የምናልፈው መስሎኝ ነበር።

«እማ፣ ‹ሌላ› ውስጥ የገባውን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ዕቃ ቤት በይው» አለችኝ።

ስለዚህ በየሥዕሉ መከራከር ያዝን። ኮፍያ ደፍቶ በሁለት እግሩ የሚሄደውን ጅብ ባለቤቴ ከሥሩ በኦሮምኛ «ዋራቤሳ» ብሎ ጽፎበታል። ልጄ ጅብ ይበቃል አለች፤ እኔ የሰውየው ቃል ይቅደም አልኩ። በመጨረሻ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፍን። ለአንድ ጅብ አንድ ሰዓት ፈጀን።

በዚያ ሰሞን የባለቤቴ ታላቅ እህት ከአቦምሳ ለሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ ሰንብተው ነበር። መቁጠሪያቸውን ይዘው ከወንበራቸው ሆነው ያዳምጡናል።

«አሁን የትኛውን ነው የምትጽፊው?» አሏት።

«ጭራቁን፣ አክስቴ።»

«የወንድሜን ስም ከጭራቅ ጋር?»

«እሱ ነው እኮ የሳለው!»

«ይሳላ! መሳልና ማስመዝገብ አንድ ነው?»

«እንስራ የሚያህል አፍ አለው፣ ጥፍሩ ጉልበቱ ጋ ደርሷል። ታዲያ ምን ልበለው?»

«ዘመድ በይው» አሉ።

ሳቅን። እሳቸውም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ጭራቁ ግን ጭራቅ ሆኖ ገባ።

ከሁሉም ይበልጥ ደጋግሞ የሳለው ፍጡር ላይ ስንደርስ ሳቁ ቆመ። የወፍ እግር፣ የፍየል ጆሮ አላት፤ አንገቷ ረጅም ነው። ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ናት፤ ጠረጴዛ ሥር፣ በር ጀርባ፣ ቁም ሣጥን ላይ። ፊቷ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳ ዞሯል፤ የሚታየው ጎኑ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ በእርሳስ «እመት» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ ምኅጻረ ቃል ነው» አለች ልጄ። «የቢሮ ወረቀት አይደል? እርሻ መሬት ትመና፣ ምናምን። ከሥዕሉ ጋር አይገናኝም።»

«ኧረ በስመአብ!» አሉ አክስቷ። «አስተማሪ ነኝ ትያለሽ፣ ተረት አታውቂም? ጅቡ አያ ጅቦ፣ ጦጣዋ እመት ጦጣ። ወይዘሮ እንደማለት ነው።»

«እሺ፣ እመት ማን? ስሟ የታለ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሚስቱን ጠይቂያት።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አላውቅም አልኩ።

አውቅ ነበር። ስቆጣ አልጮኽም፤ መናገር አቆማለሁ። አንዳንዴ አንድ ቀን፣ አንዳንዴ ሳምንት። በልጃችን ፊት እንደ ወትሮው ስለምናወራ እሷ አታውቅም። ያን ጊዜ ባለቤቴ ወደ «እርስዎ» ይዞራል። «እመት ዛሬም እራት አይበሉም?» ይለኛል። አልመልስለትም። ሌላ ሰው ይህን ሰምቶ አያውቅም።

እህቱ ወደ አቦምሳ ከተመለሱ በኋላ ወረቀቶቹን ብቻዬን ለየኋቸው። አርባ አንድ ሆኑ። ብዙዎቹን ከየትኛው ጠብ እንደመጡ አወቅኳቸው። አንደኛው ላይ እመት ሻንጣ ላይ ተኝታለች፤ ወደ ቢሾፍቱ የመዛወር ዕድል መጥቶለት ሳያማክረኝ እምቢ ብሎ፣ እኔ ከወር በኋላ ከሰው የሰማሁ ጊዜ ነው። አሥራ አንድ ቀን አላናገርኩትም። የአንዳንዶቹ ምክንያት ግን ጠፋብኝ። እኔ የረሳሁትን እሱ ስሎ አስቀምጦታል።

እንደ አውሬ ያየኝ ነበር ወይ ብዬ ጥርስ ፈለግኩ። በአንዱም ላይ ጥርስ የለም። ጥፍሯም አጭር ነው። ከእያንዳንዷ አጠገብ ክዳን ያለው ሳህን ተስሏል። ይህ ከሐሳብ የመጣ አይደለም፤ ድርሻዬን ከድኖ ያስቀምጥልኝ ነበር። ጠዋት ሳህኑን ሳልነካው እመልስለታለሁ።

ዝም ካልኩ ምን እንደሚሆን በሚቀጥለው ቅዳሜ አየሁ። ልጄ ዓለም ጤና ሆና፣ ቀድማ ፎቶ ካነሳቻቸው እመቶች ዘጠኙን አስገብታለች። መለያቸው ጭራቅ ነው።

«ለጊዜው ነው» አለችኝ። «‹ሌላ› ውስጥ ከሚጠፉ ብዬ።»

«አንሺው።»

«ምን ልተካ ታዲያ?»

«እመት በይ።»

«አዲስ ቃል ማብራሪያ ይፈልጋል፣ እማ። ሁለት መስመር።»

«ጻፊ። ቤት ውስጥ ትኖራለች። ስትቆጣ ለቀናት ዝም ትላለች። አትናከስም።»

እስከ «ዝም» ድረስ ጽፋ እጇን አነሳች። ኮምፒውተሩን አይታ እኔን አየችኝ።

«አንቺ ነሽ?»

«አባትሽ እንደዚያ ይለኝ ነበር።»

«መቼ? እኔ ሰምቼ አላውቅም።»

«አንቺ ስትተኚ።»

ምስሉን አጉልታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ታለቅስ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለቀሰችም።

«አንገትሽ እንደዚህ አይረዝምም» አለች።

«አባትሽ የሰው አንገት ለክቶ አያውቅም። የሚለካው መሬት ነው።»

ወደ ጽሑፏ ተመለሰች። ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«‹ዝም ትላለች› ይሁን ወይስ ‹ዝም ትል ነበር›?»

እሱ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ብዙ ቀን ከማንም ጋር ሳልነጋገር ይመሻል። ይሁን እንጂ ያ ዝምታ አይደለም። ዝም የሚባለው ሰው ላይ ነው፤ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ሳህን የሚከድን ሰው ላይ።

«ትል ነበር በይ» አልኳት።

አስተካከለችው። «ትኖራለች» የሚለውን እንዳለ ተወችው፤ እኔም አልነካሁትም። ከዚያ የሚቀጥለውን ወረቀት አነሳሁላት። ዘንዶ ነበር፤ አላከራከረንም።