መመለሻ የሌለው ትኬት

ሥራዋ ያረጀ ሶፋ አዲስ ጨርቅ ማልበስ ነው። እጇም ምላሷም ስለታም ስለሆነ ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላታል፤ እሷም አትቀየምም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ምስማር በከንፈሯ ይዛ መዶሻ እየመታች፣ አንድ ልጇን ብቻዋን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታዋለች። ልጇ አሁን ባሕር ማዶ፣ አሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋር ይኖራል።

በደወለ ቁጥር ወሬው አንድ ነው። «እማዬ፣ ሱቁን ሽጪውና ነይ። ምን አላት፣ የአሥራ ሦስት ሰዓት በረራ እኮ ናት! ትበያለሽ፣ ትተኛለሽ፣ ስትነቂ እኔ ጋ ነሽ።»

«እሺ፣ እንግዲያው አንተ ና» ስትለው ግን መንገዱ ይረዝማል። «እንዴ እማዬ! አሥራ ሦስት ሰዓት ሙሉ? ከሕፃን ጋር እንዴት ይሆናል?»

«ወይ ጉድ! እኔ ስመጣ የሚያጥር፣ አንተ ስትመጣ የሚረዝም፣ ይሄ ምን ዓይነት ሰማይ ነው?»

እሱ ይስቃል። እሷ አትስቅም።

አንድ ቀን ሳይጠይቃት ትኬት ቆርጦ በስልኳ ላከላት። የተጻፈው አልገባ ስላላት ትኬት ቢሮ ሄደች። ትኬት ቆራጯ ወጣት አየችውና ፈገግ አለች። «እማማ፣ ዕድለኛ ነዎት። በቀጥታ ነው የሚበሩት፤ መሃል ላይ መውረድ የለም።»

«መመለሻውስ መቼ ነው?»

ወጣቷ ደግማ አየችው። «መመለሻ የለውም። መሄጃ ብቻ ነው የተቆረጠው።»

የእትዬ መርፌ ደም ፈላ። እዚያው ባንኮኒውን ተደግፋ ለልጇ ደወለች። «እኔ ሻንጣ ነኝ እንዴ፣ ተጭኜ የምቀረው?»

«እማዬ፣ አርጅተሻል። ብቻሽን እያለሽ ብትወድቂስ? ለአንቺው ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህማ ቢሆን ትጠይቀኝ ነበር። አሰርዘው! ከናፈቅኩህ መንገዱን ታውቀዋለህ።» ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ልጅ አኮረፈ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ስልኳ ጭጭ አለ። ጎረቤቷ ቁልፍ ሠሪው አላስችል ቢለው ሱቋ ገባ። «እትዬ፣ ልጅዎ አይደለም እንዴ? ይደውሉለት እንጂ። አንዳችሁ መሸነፍ አለባችሁ።»

«እሱ ይሸነፋ! ወጣት ነው፣ ጉልበት አለው» አለችና መዶሻዋን አነሳች። ይሁን እንጂ በዚያ ሰሞን የአንዱን ወንበር ጨርቅ ገልብጣ ሰፍታ እንደገና ፈትታዋለች። ስልኩ ቢጮኽ እንዳያመልጣት ብላም ሬዲዮዋን መክፈት ትታ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሱቋ በር ላይ ጺሙ ያደገ፣ እግሩ አብጦ የጫማውን ማሰሪያ የፈታ ሰው ቆመ።

«እማዬ።»

አፏ ምስማር ስለሞላ መልስ መስጠት አልቻለችም። በመዳፏ ላይ እስክትተፋው ድረስ እሱ መሬት መሬት ያያል።

«ሩቅ ነው እማዬ» አለ በመጨረሻ። «ወገቤ ተቆረጠ።»

«ቅርብ ነው ያልከው አንተ! እኔ ከአፌ ወጣኝ?» አለችና አንገቱን አንቃ አቀፈችው፤ ቶሎም አልለቀቀችው።

ሠርታ የጨረሰችው ሶፋ ላይ አረፍ እንዳለ «ሱቁን...» ብሎ ሲጀምር፣ «አልሸጥም!» ብላ አቋረጠችው።

«ሽጪ አላልኩም። ለጥየቃ ነይ ልልሽ ነው። ደርሶ መልስ እቆርጥልሻለሁ።»

«እሱን አስብበታለሁ።»

እያወሩ እንቅልፍ ጣለው። ብዙም ሳይቆይ የሶፋው ባለቤት መጣ።

«ሶፋዬ አልደረሰም?»

«ደርሷል። ግን ሰው ተኝቶበታል፤ ነገ ይምጡ።»

«ቀጠሯችን እኮ ዛሬ ነበር!»

«ነበር» አለችና የበሩን መጋረጃ ባለሶፋው ፊት ላይ ሳበችው።