ፊቱም ጀርባውም አንድ ቃል

ትናንት አዘዞ ነጭ አዝሙድ ስገዛ ባለሱቋ በፌስታል ልትቋጥርልኝ ስትል በወረቀት እንድታደርግልኝ ለመንኳት፤ «ምነው፣ ፌስታል ምን አደረገሽ?» ብላ እየሳቀች ከአሮጌ ደብተር ገጽ ቀድዳ ጠቀለለችልኝ፤ በሚኒባስ ስመለስም የወረቀቱና የአዝሙዱ ሽታ ተቀላቅሎ ከቦርሳዬ ሲወጣ ቁስቋም ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል መልሶ አስቀመጠኝ።

የሠፈራችን ባለሱቅ አያ ሞላ ሽፋኑ የተገነጠለ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ ገጽ በገጽ እየቀደደ ቅመም ይጠቀልልበት ነበር። እኛ ቤት የደረሰው ገጽ ፊቱም ጀርባውም አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ረን»። ትምህርት ቤት ረን ማለት ሮጠ ነበር፣ አለቀ። ገጹ ላይ ግን በዚሁ ቃል ውሃ ይፈስበታል፣ ሞተር ይሠራበታል፣ ሰው ሱቅ ያስተዳድርበታል፣ የታጠበ ቀሚስ ቀለሙን ይለቅበታል። ግማሹን አስጎብኚ አጎቴን ጠይቄ፣ ግማሹን በድፍረት ፈታሁት።

ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። አባቴ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበር፤ በግቢያችን ጥግ ባለችው ጎጆ ተማሪዎቹ ከበውት አንዲት ቃል ያነሣና ይፈታታል፣ «አንድም» ይልና ሌላ ፍቺ ያመጣል፣ ደግሞ «አንድም»፤ ኋለኛው ፍቺ ፊተኛውን ሳይሽረው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እዚያች ጎጆ ውስጥ ሴት ልጅ አትቀመጥም። እኔ ጎጆዋን ከከለለው አጥር ወዲህ የተሰጣ ገብስ ከዶሮ እጠብቅ ነበር፤ ትርጓሜው በጣመ ቀን ዶሮዎቹም ጠገቡ።

ታዲያ የእንግሊዝኛው ቲቸር «ረን ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ተነሥቼ በአባቴ ድምፅ ጀመርኩ፤ «ረን ማለት ሮጠ ነው። አንድም ፈሰሰ። አንድም ሞተሩ ሠራ። አንድም ሱቅ አስተዳደረ፤ ይኸውም እንደ አያ ሞላ ነው።» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ከኋላ አንዱ «የኔታ፣ ይባርኩን!» አለ። ቲቸር የተቀለደበት መሰለው፤ ወላጅ አምጥቼ በተማሪው ሁሉ ፊት ተሳስቻለሁ ካላልኩ ክፍል እንዳልገባ ነግሮ አስወጣኝ።

አባቴ የሚቆምልኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ከቲቸር ብሶ ተቆጣ። «አንድም የመጽሐፍ ነው፣ የገበያ ቃል ማላመጫ አይደለም! ለመሆኑ አንቺን ማን አስተማረሽ?»

«አጥሩ» አልኩት።

ነገ ይቅርታ ካልጠየቅሽ ትምህርቱ ይቅርብሽ አለኝ። ትምህርት የቀረባት ልጅ መጨረሻዋን አውቀዋለሁ፤ ታላቅ እህቴ ያን ጊዜ ዳባት ባሏ ቤት ሆና፣ ገና ራሷ ልጅ ሳለች ልጅ ታዝል ነበር።

በማግስቱ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ፤ አባቴ በሩ ላይ መቋሚያውን ተደግፎ ቆመ። «ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ» አልኩ። ቲቸር ሂጂ ተቀመጪ ሊለኝ እጁን ሲያነሣ ግን አፌ አላስቻለውም፤

«አንድም፣ አልተሳሳትኩም።»

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። አባቴ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ነጠላውን አፉ ላይ ያዘ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድም ሳቀ፣ አንድም አለቀሰ፤ እስከ ዛሬ አልፈታሁትም። ሲዞር ለቲቸር «ይቅርታውን ብላለች፣ የቀረውን ለእኔ ይተዉልኝ» አለውና ሄደ፤ እኔም ቦታዬ ተቀመጥኩ።

ቤት ስገባ ወደ ጎጆዋ «ግቢ» አላለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስተምር ጀመር፤ ተማሪዎቹ «የኔታ ጆሯቸው ደከመ መሰለኝ» እያሉ ይንሾካሾኩ ነበር።

አሁን አባቴ የለም፣ ተማሪዎቹም ተበትነዋል፣ የአያ ሞላ ሱቅ የሞባይል ዕቃ ይሸጥበታል፤ ያን «ረን» የሚል ቃል ስልኬ ላይ ስጽፈው «ሮጠ» ይለኛል፣ አለቀ። ግጥም እንደምጽፍ የሚያውቁ ከአገር የወጡ አብሮ አደጎቼ ደውለው «ግጥም ምን ያደርግልሻል? ሩጪ፣ አምልጪ!» ይሉኛል። ማምለጥም ያ የ«ረን» ገጽ ላይ ነበር፤ አንብቤዋለሁ፣ አልፈልገውም። ጎጆዋ ፈርሳ በቦታዋ በተሠራችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ እጽፋለሁ፤ የጻፍኩትንም ጎረቤት ቢስቅም ባይስቅም ጮክ ብዬ አነባለሁ። ከአጥሩ ወዲያ ማን ገብስ እንደሚጠብቅ አይታወቅም።