ማማው ላይ ስናፈጥ

ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ በግራና ከተማ በኩል ያለችውን ጉብታ ዛሬ በመኪና ስታልፏት ከቁልቋል በቀር ምንም አታዩባትም። ያኔ በጦርነቱ ጊዜ የኛ ጓድ ይዟት ነበር። ትእዛዙ አጭር ነው፤ ጉብታዋን ያዙ፣ ከኋላችሁ ያለውን የወልድያ መንገድ ማንም እንዳይቆርጠው።

ከፊታችን የማሽላ ማሳ ነው። ግማሹ ታጭዶ አገዳው ከታች ወንዙ ዳር በየቦታው ተከምሯል። ግማሹ ገና እንደቆመ ነው፤ መሃሉ ላይ ከእንጨት የተሠራች የወፍ መጠበቂያ ማማ አለች። መንደሩ ጥይት ፈርቶ ሲሸሽ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርተዋል። ጧት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ማማው ላይ ይወጣሉ። ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ወንጭፍ ይወነጭፋሉ፣ ሲመሽ ይወርዳሉ።

«አገር ሁሉ ሲሸሽ እሱ ለምን ቀረ?» አለ የጓድ መሪያችን ሃምሳ አለቃ ታደሰ።

«ወፍ እየጠበቁ ነዋ፣ አለቃ! ግሪሳ ከወረደበት የዓመት ጉርሳቸው አለቀ» አለ ወታደር ይመር። «ሼህ እንድሪስ ይባላሉ፤ አውቃቸዋለሁ።»

«አንተ ደሞ ከየት ነህ?»

«ከግራና።»

«እህ!» አለ ሃምሳ አለቃው። ከዚያ ወዲህ ይመርም ተጠረጠረ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የምትል ተረት ከሃምሳ አለቃው አፍ አትለይም ነበር።

እኔም ብሆን ሰው አላምንም። እስከ ዛሬ ባጃጅ ስሳፈር የሹፌሩን ፊት ሳላይ አልቀመጥም። የሩቅ ማያ መነጽሩን ለኔ የሰጡኝም ለዚሁ ነው። ጅራፉ ሁለቴ ከጮኸ «ምልክት ነው» እንላለን። ዝም ካሉ «ምን ዶልተው ይሆን?» እንላለን። ለሶላት ሲወርዱ ሳይቀር «አሁን የት ገባ?» እየተባባልን አንገታችንን እናሰግጋለን። መትረየሱም ወደ ማማው ዞረ።

«ልውረድና ላናግራቸው» ብሎ ይመር ለመነ።

«ትወርድና በዚያው ትቀራለህ! አንድ ቀን እዚያው ማማው ላይ ባልደፋው!» አለ ሃምሳ አለቃው። ቀልዱን አልነበረም። ይመር ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልበላ አለው፤ የሽማግሌው ነፍስ በአንድ ሰው ጣት ላይ እንዳለች ገብቶታል።

አንድ ጧት ሽማግሌው እንደወትሮው ወጡ። ትንሽ ቆይተው ጮኹ። ነፋሱ ድምፃቸውን አመጣልን።

«አገዳዬን! ኧረ አገዳዬን!»

ወንጭፋቸውን አዙረው ለቀቁ። ደገሙ። ሠለሱ።

«ወፍ ይታይሃል?» አለኝ ሃምሳ አለቃው።

ሰማዩን ቃኘሁ። «የለም» አልኩ።

«ይኸው! ምልክት እየሰጠ ነው!»

«ኧረ በአላህ! ተው አለቃ!» ይመር ክንዱን ያዘው። ሃምሳ አለቃው ገፍትሮ ጣለው። አንድ ጥይት ተኮሰ። ሽማግሌው ከማማው ወደቁ።

ሁላችንም ማማውን እያየን ነበር። የሚወነጭፈውን እጅ አይተናል፤ ድንጋዩ የት እንዳረፈ ግን ያየ የለም። ያየው መሬት ላይ የተጣለው ይመር ነው።

«አገዳው!» አለ። «አገዳው እዚህ አልነበረም!»

መነጽሩን ዝቅ አደረግኩ። ወንዙ ዳር የነበሩት ክምሮች ጉብታችን ሥር ደርሰዋል። በየሌሊቱ ትንሽ ትንሽ እየተጠጉ ነው የመጡት። በየጧቱ መነጽሬ በላያቸው አልፎ ማማው ላይ ያርፍ ነበር። ክምር አያለሁ፣ ክምር ነው እላለሁ፣ አልፋለሁ። ለሽማግሌው ግን የከብቶቻቸው መኖ ነው፤ የት እንደከመሩት ያውቃሉ። ድንጋዩን የሰደዱት አገዳቸውን በነካው ሰው ላይ ነበር።

አገዳው ተነሣ። ከሥሩ ሰው ወጣ። መትረየሱ ወደ ታች እስኪዞር ሁለት ጓዶቻችን ወደቁ። ቦምብ ወረወርን። ምሽጋችን አፍ ላይ ደረሱ። መለስናቸው። እንደገና መጡ። ረፋዱ ላይ ሦስተኛው ጓዳችን ወደቀ። ስድስት ሰዓት ላይ ከወልድያ በኩል ረዳት ጦር ደረሰልን። ጉብታዋን አልለቀቅንም።

ሃምሳ አለቃው ሬዲዮውን አንሥቶ «ሦስት ሰው ሞቶብናል» ብሎ ዘገበ። ይመር ያን ጊዜ ከማሳው እየወጣ ነበር። ሽማግሌውን በራሱ ፎጣ ሸፍኗቸው ነው የመጣው። ፊቱ እንባ በእንባ ሆኗል።

«አራት ነው፣ አለቃ» አለ።

ሃምሳ አለቃው ማማውን አየ፣ መሬቱን አየ። ከዚያ ሬዲዮውን መልሶ ከፈተ።

«ይታረም» አለ። «አራት።»

እናንተ ልጆች፣ ዘብ ስትቆሙ አትጠርጥሩ አልላችሁም፤ እኔም አልተውኩም። የጠረጠርነውን ሰው ከጧት እስከ ማታ ስናይ ግን ጠላት በዓይናችን ሥር መጣ። ያ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። ከይመር ጋር መርሳ ላይ ስንገናኝ የሞቱብንን በስም እንጠራለን፤ ሼህ እንድሪስን እሱ ይጀምራል።

ያን ዓመት ማሽላቸውን ግሪሳ ጨረሰው።