ልብስ ሰፊው ብርቱካን ሲሰፋ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሜትር ይላቸዋል። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የመለኪያ ሜትር ከአንገታቸው ሳያወርዱ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። አንዳንዴም እንዳንጠለጠሉት ረስተው ሠርግ ቤት ይገኙ ነበር። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ሲያቅታቸው ሱቁን ለሴት ልጃቸው አስረከቡና ቤት ገቡ።

መከራው የጀመረው ያኔ ነው፤ መከራው ግን የእሳቸው ሳይሆን የባለቤታቸው ነበር። የጋሽ ሜትር እጅ አርፎ መቀመጥ አያውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት የመጋረጃውን ጫፍ በሙሉ ተርትረው እንደገና አጠፉት። በሁለተኛው የወጥ ቤት ፎጣ አንድ ሳይቀር ዘመዘሙ። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤታቸው የለበሱትን ቀሚስ ትከሻው ላይ ቆንጠጥ አድርገው፣ "ይቺ እኮ ትንሽ ሰፍታለች" ሲሉ ሴትዮዋ ብድግ አሉ።

"ስማ አንተ ሰውዬ! ወይ አንተ ከዚህ ቤት ውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ! ችግኝ ጣቢያው በር ላይ ማስታወቂያ አይቻለሁ። ዛፍ ማዳቀል ያስተምራሉ፤ ለአሥር ቀን፣ ጠዋት ጠዋት። ሂድና ዛፍ ለካ!"

ጋሽ ሜትር እያጉረመረሙ ሄዱ።

ትምህርቱ የሚሰጠው ቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር። አሠልጣኟ ከልጃቸው የምታንስ፣ ስለታም ቢላዋ በኪሷ የምትይዝ ፈጣን ልጅ ናት። ሥሩን የሚሰጠው ችግኝ "መሠረተ ተክል" እንደሚባል፣ ከጥሩ ዛፍ ተቆርጦ በላዩ የሚቀጠለው ደግሞ "ቀንበጥ" እንደሆነ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈች። እስከዚህ ደህና። በሦስተኛው ቀን ግን፣ "የቀንበጡ ካምቢየም ከመሠረተ ተክሉ ካምቢየም ጋር ካልገጠመ አይጸድቅም" ስትል አሥራ አንዱም ተማሪ እርስ በርሱ ተያየ። ደግማ አስረዳች። ሥዕል ሣለች። ወይ ፍንክች!

ጋሽ ሜትር ከኋላ እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ ይህቺ ቅርፊቱ ሲላጥ ከሥሩ የምትታየው እርጥብ ነገር ናት?"

"አዎ ጋሼ፣ እሷው ናት።"

"ታዲያ ገበር ናት አትይኝም!"

"ምን ናት?"

"ገበር! ኮት ጨርቁ ከላይ ነው፣ ገበሩ ከውስጥ። እጅጌ ስትቀጥይ ገበሩ ከገበሩ ካልገጠመ ኮቱ ተሰፋ አይባልም። አንቺም የምትይው ይኸንኑ ነው።"

ሦስት ቀን ሙሉ ትንፍሽ ያላለው ጡረተኛ ፖስተኛ "አሃ!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ሁሉም ሳቀ፤ ሁሉም ገባው።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! ቅርፊቱ ተሰንጥቆ እንቡጥ የሚሸጎጥበት ቦታ "ኪስ" ተባለ፤ እንቡጡ ራሱ "ቁልፍ"። ተቆርጦ በቀጥታ አፈር ላይ የሚተከለው እንጨት "ብጣሽ" ሆነ። ከእናቱ ሳይለይ ጎንበስ ብሎ አፈር የሚለብሰውና ሥር እስኪያወጣ የሚጠበቀው ቅርንጫፍ "እጥፋት" ተባለ። አሠልጣኟ መጀመሪያ ኮስተር አለች። በስምንተኛው ቀን ግን ራሷ፣ "ቁልፉን ኪሱ ውስጥ በደንብ ክተቱት!" ብላ ስትጮኽ ተሰማች።

ጋሽ ሜትር የልብ ልብ ተሰማቸው። አጥር የሚጋሯቸው ጡረተኛ መምህርት ግቢ ውስጥ እሾሃም ኮምጣጣ ብርቱካን አለ። ፍሬውን ወፍ እንኳን አይነካውም፤ መምህርቷም ሊያስቆርጡት ወስነው ነበር።

"አይቁረጡት፣ እኔ ጣፋጭ ብርቱካን እሰፋበታለሁ" አሏቸው ጋሽ ሜትር።

"የሚሰፉት እርስዎ ከሆኑ እስቲ እንይዎት" አሉ መምህርቷ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

ጋሽ ሜትር ከጣቢያው ስድስት ቀንበጥ ይዘው መጡ። ስድስት ቅርንጫፍ አሳጥረው የቀረውን ጫፍ ሰነጠቁ፣ ቀንበጦቹን እንደ ሽብልቅ አሹለው አስገቡ፣ በላስቲክ ጠቀለሉ። ጠቅላላ ሥራው እንደ ሙሽራ ሱፍ ያማረ ነበር። ባለቤታቸው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ "ዛፉን ለፋሻ ዳረግኸው እኮ!" አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ስድስቱም ጭራሮ ሆኑ።

መምህርቷ ዛፉን ዞረው አዩትና፣ "ከስድስት ዜሮ አምጥተዋል" አሉ። "ድጋሚ ፈተና እሰጥዎታለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወዲያ መጥረቢያ ነው።"

ጋሽ ሜትር የደረቁትን ቀንበጦች በመሐረብ ጠቅልለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ጣቢያው ሄዱ። አሠልጣኟ አንዱን አነሳች፣ አገላበጠችው፣ ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች።

"ጋሼ፣ የትኛውን ጫፍ ነው ያሾሉት?"

"ቀጭኑን ነዋ። ለማስገባት የሚመቸው እሱ አይደል?"

"ቀጭኑ እኮ አናቱ ነው! ስድስቱንም ዘቅዝቀው ነው የሰፏቸው!"

ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ጋሽ ሜትር መጀመሪያ ደማቸው ፈላ፤ ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ወጣት ሳሉ ለአንዲት ሙሽራ የከፋይ ጨርቅ ጃኬት ሰፍተው፣ የጨርቁ ጠጉር በአንዱ እጅጌ ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች ተኝቶ ነበር። ሙሽራይቱ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ግማሿ ጥቁር፣ ግማሿ ግራጫ ሆነች።

"ለካስ እንጨትም እንደ ከፋይ ጠጉር አለው!" አሉና እሳቸውም ከአንጀታቸው ሳቁ።

በሁለተኛው ዙር ቀንበጦቹ ገና ከጣቢያው ጣፋጭ ብርቱካን ሲቆረጡ በእያንዳንዱ ታችኛ ጫፍ ላይ ቀይ ክር አሰሩ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ባለቤታቸው ነገሩ እንደማያገባቸው ሆነው ቢያሳልፉም፣ በየማለዳው ልብስ ላሰጣ እያሉ ወደ አጥሩ ጠጋ ይሉ ነበር፤ ያልታጠበ ልብስ ሳይቀር ያሰጡ ጀመር። አንድ ጠዋት ጋሽ ሜትር ጺማቸውን እየተላጩ ሳሉ ጩኸት ሰሙ።

"ና! ቶሎ ና! ቁልፉ ፈነዳ!"

ግማሽ ፊታቸው አረፋ እንደለበሰ ሮጡ። እውነት ነው፤ ከላስቲኩ በላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላለች። ከስድስቱ አራቱ ጸደቁ። መምህርቷ ነጥቡን በቃላቸው አሰሉና፣ "አልፈዋል፤ ግን ለጥቂት ነው" አሉ።

በሦስተኛው ዓመት ያ ዛፍ በአራት ቅርንጫፉ ጣፋጭ ብርቱካን አንጠለጠለ፤ የቀረው ገላው ያው ኮምጣጣውን ያፈራል። መምህርቷ ለማይወዱት እንግዳ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቀጥፉ ለማንም አልተናገሩም።

አሠልጣኟ ደግሞ የማስተማሪያ መጽሐፏን እንደገና ስታሳትም ከሙያው ቃላት ጎን ሌላ ዓምድ ጨመረችና "በልብስ ሰፊ ቋንቋ" አለችው። ጋሽ ሜትርም በየዙሩ አንድ ጠዋት እንዲያስተምሩ ይጋበዛሉ። ባለፈው ዙር ታዲያ አንዲት ጸጉር ሠሪ ከመሐል ተነሥታ ተከራከረቻቸው።

"ጋሼ፣ ይሄ ገበር የሚባል ነገር አልተዋጠልኝም። ይሄ ጸጉር መቀጠል ነው! እኔ በቀን አሥሩን እቀጥላለሁ።"

"የቀጠልሽው ጸጉር ያድጋል?"

"አያድግም።"

"ታዲያ!"

"የእርስዎስ ኮት ያድጋል?"

ክፍሉ በሳቅ አወካ። ጋሽ ሜትር ቢላዋውን አዙረው በእጀታው በኩል አቀበሏት።

"ነይ እስቲ፣ በራስሽ ቋንቋ አሳዪን።"