የፈረሰኛው አፈር

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ፣ ኦምዱርማን ገበያ ባለው ሱቅ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፦ ባለቤቱ ሐጅ ኢድሪስ፣ ከናይጄሪያ ለሐጅ ተነሥተው ሱዳን የቀሩት ነሐስ አቅላጭ ማላም ሳኒ፣ ጽዳት የምትሠራው የወሎዋ ዘህራ እና እኔ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ተጋምሰው ነበር። ሐጅ ኢድሪስ የምዕራብ አፍሪካ ነሐስ ቅርጾችን ይሰበስባሉ፤ የእኔ ድርሻ እያንዳንዱን መርምሮ መግለጫ መጻፍ ነበር።

ማላም ሳኒ አሠራሩን አስረዱኝ። በሸክላ አፈር እንብርት ላይ ሰም ይቀረጻል፤ በጭቃ ይሸፈናል፤ በእሳት ሰሙ ፈስሶ ይወጣና የቀለጠ ነሐስ ስፍራውን ይይዛል። ከዚያ ጭቃው ይሰበራል፤ ስለዚህ አንድ ቅርጽ መንታ የለውም።

ይህን ነግረውኝ ከሐጅ ኢድሪስ ጋር ለዙሁር ሶላት ወጡ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የነሐስ ፈረሰኛ ነበር። በሀገሬ የቤተ ክርስቲያን መስቀል በአመድና በሎሚ ሲወለወል እያየሁ ስላደግሁ፣ የተከበረ ነሐስ ንጹሕ ነሐስ ይመስለኝ ነበር። ከፈረሱ ሆድ ጥቁሩን አፈር በሽቦ ጭሬ አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ስንት ዘመን ሳይታጠብ ነው የኖረው?» ብላ ዘህራ ሳቀች። አፈሩን ጠርጋ ጣለችው።

ሐጅ ኢድሪስ እንደ ተመለሱ ቅርጹን ገልብጠው አዩት። ገዢዎች የቅርጹን ዕድሜ የሚያስመረምሩት ከውስጥ በቀረው በዚያ የእንብርት አፈር ነው፤ ይህን አላውቅም ነበር።

«ያ ዘህራ፣» ብለው በዐረብኛው ጠሯት፤ «አፈሩ የት ሄደ?»

«ጠርጌ ጣልኩት።»

«ኸላስ፣ በቃ። ከነገ ጀምሮ አትምጪ።»

ዘህራ ወደ እኔ ተመለከተች። ማላም ሳኒ ደግሞ እጄን ያዩ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ በዚህ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። መዝገቤን ገለጥሁ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ይሄንንም ይጻፉት» ብላኝ ወጣች።

ከዓመታት በኋላ እውነቱን ለሐጅ ኢድሪስ ነገርኋቸው። አልደነቃቸውም።

«ማላም ሳኒ ጥፍርህ ውስጥ የገባውን አፈር አይቶ ያኔውኑ ነግሮኛል፣ ያ ኡስታዝ። የሚጠርግ ሰው አይጠፋም፤ የሚጽፍ ግን ከየት አመጣለሁ?»

ዘህራ ትኖርበት ወደ ነበረው ሰፈር፣ ወደ ጀብራ፣ ሄጄ ጠየቅሁ። የሚያውቃት አላገኘሁም።

ወደዚህ ሙያ ለሚገቡ የምለው አጭር ነው፦ እንብርቱን አትንኩ፤ ከነካችሁም በዚያው ሰዓት ተናገሩ።

ዘህራ በተባረረች ማግሥት ሱቁ ሲከፈት ሦስት ነበርን። ሦስታችንም እናውቅ ነበር።