ሁለት ትሪ ሳምቡሳ

አሰብ ላይ ነፋስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠፋው ባሕሩ ነው። ቀጥሎ የወደቡ ክሬኖች ይጠፋሉ፤ ከዚያ መንገዱ፤ በመጨረሻ ከአውሮፕላን ማረፊያው መስኮት ሆኖ ወደ ውጭ የሚያይ ሰው በመስታወቱ ላይ ከራሱ ፊት በቀር የሚያየው ነገር አይኖርም። ዓይናዲስ ያን ሐሙስ ያየችው የራሷን ፊት ነበር። ነጭ ሻሽ፣ ላብ ያራሰው ግንባር፣ አንገቷ ላይ በክር የተንጠለጠለ ቁልፍ።

ቁልፉ የክብር እንግዶች ማረፊያ ክፍል ቁልፍ ነው። ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ የኢትዮጵያ እህልና ብረት፣ ማዳበሪያና ጨርቅ ግን ገና በአሰብ በኩል ይገባል። ስለዚህ ሹማምንቱና ነጋዴዎቹ በአዲስ አበባው አውሮፕላን ይመላለሳሉ። ከእነሱ ውስጥ ክቡር የሚባሉት የብረት ወንበር ከተደረደረበት አዳራሽ ተለይተው ወደ ዓይናዲስ ክፍል ይገባሉ። እዚያ ውስጥ ሌላ አገር ነው። ውጭ አስፋልቱ እንደ ሰም ሲለሰልስ፣ እዚህ የአየር ማቀዝቀዣው እያጉረመረመ ሰው እጅጌውን ወደ ታች ይስባል። ቀይ ምንጣፍ አለ። ከፈይ የለበሱ ሶፋዎች አሉ። የፍሪጁ በር ሲከፈት ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ ከበረሃ የመጣ ሰው ያንን እንፋሎት ሲያይ ለአፍታ ዝም ይላል፤ ዓይናዲስ ያችን ዝምታ ትወዳታለች።

ከደሴ ወደ አሰብ የመጣችው ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ከሚሠራ ባሏ ጋር ነው። ባሏ ትቷት ወደ አገሩ ሲመለስ እሷ ቀረች። ሰው ሲጠይቃት «ባሕሩን ለመድኩት» ትላለች፤ እውነቱ ግን የሚጠብቃት ቤት ስላልነበረ ነው። ለወደብ ጫኝና አውራጆች ወጥ ሠርታለች። በሆቴል ጓሮ ሳህን አጥባለች፣ እጇ በኦሞ እስኪላጥ ድረስ። ይህ ክፍል ሲሰጣት የመጀመሪያውን ቀን ያሳለፈችው ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳች በማየት ነበር።

አብራት የምትሠራው ሁሪያ የባቲ ልጅ ናት፤ ሙስሊም። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ስለዚህ በየበረራው ቀን ሁሪያ ወንድሟ ባረደው ሥጋ፣ ዓይናዲስም ከክርስቲያን ሥጋ ቤት በገዛችው ሥጋ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ትሪ ሳምቡሳ ቤታቸው ሠርተው ይመጣሉ። ድሮ የሁሪያ ኮረሪማ የበዛበት፣ የዓይናዲስ ደግሞ ቃሪያ የበዛበት ነበር። አንድ ቀን ግን አንድ እንግዳ «የእነሱ ከእኛ ይበልጣል» ብሎ አኩርፎ ሄደ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ክብሩ ሁለቱንም ጠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ በመልክም በጣዕምም ልዩነት እንዳላይ!» አለ። ሴቶቹም ሊጡን በአንድ ልክ ዳመጡ፣ ሽንኩርቱን በአንድ ልክ ከተፉ፣ ማዕዘኑን በአንድ ዓይነት አጠፉ። ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ራሳቸውም እስኪገረሙ ድረስ መንትያ ሆኑ። የሚለያቸው ሽፋን ብቻ ነው፤ የሁሪያ አረንጓዴ ጨርቅ፣ የዓይናዲስ ነጭ።

ያን ዕለት ጠዋት አቶ ክብሩ ከረባቱን እያስተካከለ መጣ። ባለፈው በረራ ፍሪጁ ተበላሽቶ ለእንግዶች የሞቀ ለስላሳ ቀርቦ ነበርና፣ ያ ነገር ከሆዱ አልወጣም።

«ስሚ ዓይናዲስ፣ ዛሬ አንድ እንከን ባይ ቁልፉን ትተይልኛለሽ። ይህን ክፍል ስጠን እያሉ ደጄን የሚጠኑ ሞልተዋል።»

«ምንም አይጎድልም፣ አቶ ክብሩ።»

«እሱን በኋላ ነው የማየው።»

እንግዶቹ ገቡ። ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጡት አቶ ስለሺ ሆዳቸውን እያሻሹ መሀሉን ሶፋ ያዙ። በከተማው ውስጥ ሱቅና መጋዘን ያላቸው ሀጂ ሀምዳን ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ሌሎችም ነበሩ፤ ግን ክፍሉን የያዙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ በተገናኙ ቁጥር ይጎነታተላሉ።

«ሀጂ፣ ይህን ነፋስ እርስዎ ነዎት የጠሩት። የመጋዘንዎን ዕቃ ሳልገዛ አሰብን እንዳልለቅ ነው!»

«እርስዎን ማን ያስቀራል ጌታው? የአሰብ እህል አይበቃዎትም» አሉ ሀጂ ሀምዳን።

ክፍሉ ሳቀ። ነፋሱ ግን አልሳቀም። አውሮፕላኑ ማረፍ እንዳልቻለ፣ አየሩ እስኪጠራ እንደሚጠበቅ ተነገረ። ቁርስ ያልበላው ሰው ሰዓቱን፣ ከዚያም የወጥ ቤቱን በር ያይ ጀመር። አሸዋው በበሩ ሥር እንደ ውኃ እየፈሰሰ ሲገባ ዓይናዲስ ፎጣ አርሳ ስንጥቁን ትደፍን ጀመር። ሁሪያ የቀትር ሶላቷን ለመስገድ ዕቃ ቤት ገብታለች። ወጥ ቤት ውስጥ የቀረው አስተናጋጁ ወልዴ ብቻ ነበር።

ዓይናዲስ ጎንበስ ብላ ሳለች አንድ ነገር ሲጮህ ሰማች፤ የኋላው በር ይመስላል። ፎጣውን ጥላ ስትገባ በሩ ተዘግቷል፤ ወለሉ ላይ አሸዋ እንደ ስኳር ተበትኗል። ትሪዎቹ ከመስኮቱ ሥር ተነስተው ባንኮው ላይ ናቸው። ተሸፍነዋል። ወልዴ ነጭ ኮቱን እያራገፈ ቆሟል።

«ወልዴ፣ በሩን ማን ከፈተው?»

«ነፋሱ ነዋ! እኔ ባልደርስ ኖሮ እንግዶችሽ ዛሬ ሳምቡሳ በአሸዋ ይበሉ ነበር።»

«ጨርቆቹስ?»

«አንዱን ምድጃው ሥር አገኘሁት። አንዱ በሩ ላይ ተለጥፎ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። አራገፍኩና መልሼ አለበስኳቸው። አመስግኚኝ እንጂ!»

ዓይናዲስ አላመሰገነችውም። «የትኛውን በየትኛው ላይ አደረግህ?»

የወልዴ ፈገግታ ከንፈሩ ላይ ቀረ፤ ከኋላው ግን ምንም አልነበረም።

«አረንጓዴው... ቆይ። መጀመሪያ ያነሳሁት ወደ ግድግዳው ያለውን ነበር።»

«በግራ የነበረውን? ግራው የሁሪያ ነው።»

«ከየት ቆመን ነው ግራ ያልሽው?»

ሁሪያ መስገጃዋን እያጠፈች ገባች። ፊታቸውን አይታ ሳይነግሯት ገባት። ሁለቱ ሴቶች ጨርቆቹን ገልጠው ትሪዎቹ ላይ አጎነበሱ። አሸተቱ። አንድ ዘይት፣ አንድ ሽንኩርት፣ አንድ ቅመም። ሁሪያ አንዱን ሰብራ ውስጡን በመስኮቱ ብርሃን አየች። የእሷም ሊሆን ይችላል፤ የዓይናዲስም። ያን ሁሉ ጊዜ የደከሙበት መመሳሰል አሁን አፍጥጦ ያያቸው ጀመር።

«ብቀምሰው አውቀዋለሁ» አለች ዓይናዲስ። «ምላሴ የራሴን እጅ አይስትም።»

«እኔም አውቀዋለሁ።» ሁሪያ እጇን ወደ ትሪው ሰደደችና አየር ላይ አቆመችው። «ያንቺ ቢሆንስ?»

ዓይናዲስም እጇን ሰብሰብ አደረገች። አንዷ ብትቀምስ ነገሩ ይለያል፤ የቀመሰችው የሌላዋን ከሆነ ግን ዕድሜ ልኳን ያልነካችውን ነካች ማለት ነው። ተያዩ። ማናቸውም «አንቺ ቅመሺ» አላሉም።

በሩ ተከፈተ፤ አቶ ክብሩ ነው። «ሰዎቹ በረሃብ ሊያልቁ ነው፤ እናንተ ሳምቡሳ ትመርቃላችሁ?»

ዓይናዲስ ነገረችው። ሲሰማ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ከቁጣው ይልቅ ያ ዝቅታ አስፈራት።

«አረንጓዴውን በአንዱ ላይ አድርጊ።»

«በየትኛው?»

«በፈለግሽው! ሥጋ ሥጋ ነው። የሚያዩት ጨርቁን፣ የሚቀምሱት አንድ ጣዕም። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺ የምታውቂው አለማወቅሽን ነው፤ እሱን ደግሞ ለራስሽ ያዢው።» ትሪዎቹን እሱና ወልዴ አንስተው ወጡ። አረንጓዴውን ጨርቅ አቶ ክብሩ ራሱ በአንዱ ላይ ጣል አደረገ፤ እንዴት እንደመረጠ እግዜር ይወቅ።

ሁሪያ በሹክሹክታ «ዓይናዲስ፣ ሀጂ...» አለች። ጨርሳ አልተናገረችም፤ መጨረስም አላስፈለጋትም።

ሀጂ ሀምዳን አንድ ልማድ ነበራቸው። ትሪ ሲቀርብ ጨርቁን አያዩም፤ አስተናጋጁንም አይጠይቁም። ዓይናዲስን ይጠብቃሉ፤ «የኔ የትኛው ነው?» ይላሉ፤ እሷ በጣቷ ታሳያለች፤ ቢስሚላህ ብለው ይበላሉ። ሁሪያን እንኳ ጠይቀው አያውቁም። አንድ ሰው ምክንያቱን ቢጠይቃቸው «የሃይማኖቴ ሰው ቢሳሳት ይቅር እንደምለው ያውቃል፤ እሷ ግን ትጠነቀቃለች» ብለው ነበር።

ዓይናዲስ ስትገባ ሀጂ እጃቸውን ታጥበው በመሀረብ ያደርቁ ነበር። አቶ ስለሺ አልጠበቁም፤ ከነጩ ጨርቅ ሥር አንዱን አንስተው ጎርሰዋል። አቶ ክብሩ ከሶፋው ጀርባ ቆሞ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

«ነይ ልጄ» አሉ ሀጂ። «የኔ የትኛው ነው?»

እጇ ከጎኗ ተነሳ። ለማሳየት የለመደ እጅ ስለሆነ ሳታዘው ነው የተነሳው። አረንጓዴውን ቢያሳይ ማንም አይጠይቃትም። ቁልፉ አንገቷ ላይ ይውላል፤ ነገም ፍሪጁን ትከፍታለች፤ ነጩ እንፋሎት ይወጣል። ጣቷ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

«አላውቅም፣ ሀጂ።»

«ምን?»

«ነፋሱ ጨርቆቹን ጣላቸው። ተቀላቅለዋል። የትኛው የማን እንደሆነ እኔም ሁሪያም አናውቅም። አይብሉ። ማንም አይብላ።»

የአቶ ስለሺ ጉንጭ እንደተወጠረ ቀረ። ሊውጡት አልቻሉም፤ ሊተፉትም ክቡር ናቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ሮጡ፤ በምንጣፉ ጫፍ ተደናቅፈው ሊወድቁ ሲሉ ወልዴ ደገፋቸው። ማንም አልሳቀም። የውኃው ድምፅ ረጅም ጊዜ ተሰማ። ሲመለሱ አገጫቸው ይንጠባጠባል።

«ይህ ሁሉ ባሕር አጠገባችሁ ተኝቶ» አሉ፣ «የማይታረድ ዓሣ ጠፍቶ ነው ሥጋ የምታቀርቡልን? ኃላፊው የታለ?»

አቶ ክብሩ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጎንበስ ቀና አለ፤ ስህተቱ የሴትዮዋ እንደሆነ፣ ዛሬውኑ እርምጃ እንደሚወሰድ ተናገረ። ሁሪያ ሻይና ብስኩት አመጣች። ብስኩቱን ሲያኝኩ ከአየር ማቀዝቀዣው በላይ ይሰማ ነበር። ሀጂ ሀምዳን አልበሉም። ሻዩንም አልነኩም። ዓይናቸው ትሪዎቹ ላይ ነበር፤ ትሪዎቹን የሚያዩ ግን አይመስሉም፤ ከዚያ በፊት የነበሩ ብዙ ትሪዎችን የሚያዩ ይመስላሉ። ዓይናዲስ ይህን አየች። ሥራዋን ማጣቷን አስባበት ነበር። ይህን ግን አላሰበችውም።

ነፋሱ እንደመጣ ሁሉ ድንገት ሄደ። ባሕሩ ተመለሰ፤ ታጥቦ እንደወጣ ሰማያዊ። የአውሮፕላኑ ድምፅ ከሩቅ መጣ፣ ቀረበ፣ መስታወቱን አንቀጠቀጠው። እንግዶቹ ቦርሳቸውን ያዙ። አቶ ክብሩ ወደ ዓይናዲስ መጣና ምንም ሳይል መዳፉን ዘረጋ። ክሩን በራሷ ላይ አውጥታ ቁልፉን አስቀመጠችለት። አንገቷ ቀለላት፤ ቅለቱ ግን ደስ የሚል አልነበረም።

ሀጂ ሀምዳን ከሁሉም በኋላ ቀርተው ነበር። በሩ ላይ አጠገቧ ቆሙ። ሁለቱም ወደ ሜዳው እያዩ፣ ሰው እንዳይሰማ በለሆሳስ ጠየቋት።

«ዛሬ አላውቅም አልሽኝ። በፊትስ? እንዲህ ያለ ቀን ኖሮ ያውቃል?»

የፈራችው ጥያቄ መጣ። የሚያረጋግጥላት ምንም ነገር የለም። የተበላው ተበልቷል፤ ምስክር የለው። ማሪያምን ብላ ልትምል አሰበች፤ ማሪያም ለሀጂ ምን ታደርግላቸዋለች? መማሉን ተወችው።

«የለም፣ ሀጂ» አለች በመጨረሻ። «ከዛሬ በፊት የለም።»

ፊቷን ረጅም ጊዜ አዩት። የአውሮፕላኑ ሠራተኛ ከደረጃው ሥር እጁን እያውለበለበ ይጠራቸዋል። አልተጣደፉም።

«ዛሬ ዝም ብትዪ ኖሮ» አሉ፣ «ይህን ጥርጣሬ አታመጪብኝም ነበር። ሰላሜን ወስደሽብኛል።»

«አውቃለሁ፣ ሀጂ።»

«መልሺልኝ ብዬ ደግሞ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለም።» ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «እሺ። ቃሉ ካንቺ ከመጣ ተቀብያለሁ።»

በጠራው ፀሐይ ውስጥ ቀስ ብለው ሄዱ። ደረጃውን ሲወጡ ወደ ኋላ አልዞሩም። ዓይናዲስ ጥላቸው ከአስፋልቱ ላይ እስኪነሳ ድረስ አየቻቸው።

ሁሪያ ከኋላዋ መጥታ ቆመች። ሞተሩ ይጮህ ስለነበር ጮክ ብላ ነው የጠየቀችው።

«ምን አሉሽ?»

ዓይናዲስ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ገና ትኩስ የነበረው አሸዋ ቀሚሷን አልፎ አቃጠላት፤ ግን አልተነሳችም።

«አመኑኝ» አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ሁሪያም ሌላ ነገር ሳትጠይቅ ከጎኗ ተቀመጠች።